ስድስተኛው አባት

ሚኤሶ አካባቢ ሾፌራችንን የደበደቡት ዕለት እኔን ማንም አልመታኝም። ሴት ስለሆንኩ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

ያኔ ጭሮ ላይ በአንድ የውሃ ጉድጓድ ፕሮጀክት አስተርጓሚ ነበርኩ። መስክ የምንወጣው ሦስት ሆነን ነው፦ አየርላንዳዊው መሐንዲስ፣ ሾፌሩና እኔ። መሐንዲሱ ስልሳ ያለፈው፣ የቆላው ፀሐይ አፍንጫውን ሁልጊዜ የሚልጠው ዝምተኛ ሰው ነው። ሾፌሩ የአሰቦት ልጅ ነው፤ ሙስሊም፣ ጫት ወዳድ፣ ቀልደኛ። እኔ የጴንጤ ልጅ መሆኔን ስለሚያውቅ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ፣ "እህቴ፣ ጸልዪ እንጂ፤ ፍሬኑ ዛሬ አኩርፏል" ይለኝ ነበር።

ዓመቱ የድርቅ ነበር። ከሚኤሶ ወጣ ብሎ ያስቆፈርነውን ጉድጓድ ሁለት ወገን አርብቶ አደሮች ይጣሉበታል። በዋዜማው ከብት ተዘርፎ፣ ሁለት እረኞች ተገድለው ኖሯል። እኛ አልሰማንም። የተበላሸ ፓምፕ ለማየት እየሄድን ግራሩ መሀል አሥራ አምስት የሚሆኑ ወጣቶች መንገዱን ዘጉብን። ግማሾቹ ክላሽ፣ ግማሾቹ ዱላ ይዘዋል።

ሾፌሩን በኮሌታው ይዘው አወረዱት።

"ለገዳዮቻችን ውሃ የምታመላልሰው አንተ ነህ" አለው አንዱ በኦሮምኛ።

"ኧረ እኔ የእናንተው ነኝ! የአሰቦት ልጅ ነኝ!"

"ከሆንክ አባትህን ቁጠር።"

በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ወንድ ልጅ አባቱን፣ የአባቱን አባት፣ ከዚያም ወደ ላይ ሰባቱንና ከሰባት በላይ ያሉትን መቁጠር አለበት። የቆጠረ ይታወቃል፤ ያልቆጠረ ማንም ሊሆን ይችላል። ወንድሜ መቻራ እያለን የተማረው በቀበቶ ነው። አባታችን ግድግዳ አስደግፎ ያቆመዋል፤ ለጠፋው ስም ሁሉ አንድ ግርፍ። እኔ ከጓዳ እየሰማሁ ሁሉንም ያዝኩት፤ ሲጠፋበት ከበሩ ጀርባ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እነግረዋለሁ። አንድ ቀን አባቴ አየኝ። "ለአንቺ ምን ያደርግልሻል? ነገ የሰው ነሽ!" ብሎ አፌን በመዳፉ መታኝ። ከንፈሬ ተተረተረ፤ ለአንድ ሳምንት በደንብ መብላት አልቻልኩም።

ሾፌሩ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። እዚያ ላይ ቆመ። አባቱ የሞተው እሱ ገና ሕፃን ሳለ ስለነበር ከዚያ በላይ ያስቆጠረው ሰው የለም።

"ስድስተኛው?"

የመጀመሪያው ዱላ ከግራ ጆሮው ጀርባ አረፈ። ድምፁ እንደ ደረቅ እንጨት ነበር። በጉልበቱ ወደቀ።

መሐንዲሱ እጁን አንስቶ እየጮኸ ወረደ። አንዱ በሰደፍ ደረቱን ሲለው መኪናው ጎማ ሥር ዘፍ ብሎ ተቀመጠ፤ ትንፋሽ አጠረው። እኔ በኦሮምኛ እየለመንኩ ወደ ሾፌሩ ስሮጥ አንድ ወጣት በክንዴ ይዞ ገፈተረኝ።

"አንቺን የጠየቀሽ የለም። ሂጂ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጪ።"

ውሃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶች ጄሪካናቸውን ይዘው ዛፍ ሥር ተኮልኩለዋል። አንዷ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። አላጽናናችኝም፤ እንዳልነሳ ብቻ ነው የያዘችኝ።

ሾፌሩን እጁን በገዛ ቀበቶው አሰሩት። "ስድስተኛው!" ይሉና ይመቱታል። እሱ የመጣለትን ስም ይጠራል። "ውሸት!" ይሉና እንደገና ይመቱታል። ጎኑን ሲረግጡት የሆነ ነገር ሲሰበር ተሰማኝ። ሰው ሲደበደብ መጀመሪያ ይጮሃል፣ ቀጥሎ ይለምናል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል አንዱ ክላሹን አቀባበለ።

ያኔ ነው አንድ ሽማግሌ የመጡት። ከለቅሶ ቤት ነበር የመጡት፤ ከተገደሉት እረኞች አንዱ የእህታቸው ልጅ ነው። በዱላቸው እየተደገፉ ወደ መሀል ገቡና የወደቀውን ሰው ፊት ጎንበስ ብለው አዩት።

"እስከ ስንት ቆጠረ?"

"አምስት።"

"ጥሩልኝ እስቲ።"

ስሞቹን ነገሯቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስድስተኛውን እኔ አውቀዋለሁ" ብለው ጮክ ብለው አንድ ስም ጠሩ፤ ሰባተኛውንም ጨመሩበት። "የእኛው ነው። ልቀቁት።"

አንዱ ወጣት ለመጨረሻ ጊዜ ሊረግጠው እግሩን ሲያነሳ ሽማግሌው ቅልጥሙን በዱላ አሉት። ወጣቱ እያነከሰ ዞር አለ።

"አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እርስዎ ባይደርሱ ኖሮ..." ብዬ ስጀምር አላስጨረሱኝም።

"ቶሎ ውሰጂው። የእነዚህን ልጆች ልብ አላውቀውም።"

መሐንዲሱ ራሱ እየነዳ ጭሮ ሆስፒታል አደረሰን። ሾፌሩ ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሯል፤ ጭንቅላቱ ተሰፋ፤ ግራ ጆሮው ከዚያ ወዲህ አይሰማም። መንገዱን ሁሉ ቀሚሴ ላይ ሲደማ መጥቷል።

በሦስተኛው ቀን ልንጠይቀው ስንገባ፣ "ያ ሽማግሌ የጠሩት ስም የእኛ ቤት አይደለም" አለኝ።

"እንዴት አወቅህ? ራስህ አታውቀውም እኮ።"

"አጎቴ መጥቶ ነበር፤ ጠየቅኩት። ስድስተኛው ሌላ ሰው ነው። ደግሞ..." ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከዚያኛው ወገን የመጣ ነው። ልጅ ሆኖ በጦርነት ተማርኮ፣ እኛ ቤት በጉዲፈቻ ያደገ።"

"ብታውቀው ኖሮ..."

"ወላሂ፣ ዛሬ አፈር ነበርኩ።"

ለመሐንዲሱ ተረጎምኩለት። ፊቱ አመድ መሰለ። ተነሥቶ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ያልነገረኝን ያን ቀን ነገረኝ።

የተወለደው በአየርላንድ ሰሜን ነው። በዚያ አገር ሁለት ወገን አለ፤ ነባር ነን የሚሉና ከባሕር ማዶ መጥተው ሰፈሩ የሚባሉ። አያቱ ዘራቸው ከጥንት ንጉሥ እንደሚወርድ እየነገሩ አሳደጉት። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው እሱና ታላቅ ወንድሙ የሰፋሪዎች ወገን የሆነ ጎረቤታቸውን መንገድ ላይ ጠብቀው ደበደቡት። የደበደቡበትን ዱላ ቅርጽ በእጁ ሠርቶ አሳየኝ፤ ጫፉ የታጠፈ፣ ልክ እንደ ገና መጫወቻ። የጎረቤታቸው አንድ ዓይን ፈሰሰ።

"በኋላ ልጄ አንድ ስጦታ ሰጠችኝ" አለ። "የጉንጭህን ውስጥ በጥጥ አሽተህ ለዲ ኤን ኤ ምርመራ በፖስታ ትልካለህ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚያልፍ ነገር አለ፤ ሴት አትወርሰውም። እሱን አይተው የአባትህን፣ የአያትህን፣ የቅድመ አያትህን መስመር ይነግሩሃል።"

"ምን ነገሩህ?"

"በእኛ አካባቢ ብዙ ወንዶች የአንድ ጥንታዊ አባት ቅርንጫፍ ናቸው። እኔ የለሁበትም። የእኔ ከባሕር ማዶ ከመጡት መካከል የሚበዛው ነው። በዘር ከእኔ ጋር ከሚቀራረቡት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያው የዚያ ዓይኑን ያፈሰስነው ሰው የወንድም ልጅ ነው።"

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ደነገጥኩ። ከአያቶቹ አንዷ ከጎረቤት ወልዳለች ማለት ነው። የደበደበው የገዛ ሥጋውን ነው።

"የሚያስቀው" አለ፣ ሳይስቅ፣ "ወደ ኋላ በጣም ከሄድሽ የሁለቱም ወገን ግንድ አንድ ነው። ቅርንጫፉ ነው የተለየው።"

"ለሰውዬው ነገርከው?"

"ካወቅኩ አራት ዓመት ሆነኝ። አልነገርኩትም።"

ተናድጄበት ነበር፤ ውስጥ ሰው ተኝቶ እያቃሰተ ነው፣ እሱ ስለ ራሱ ያወራል። "እንግዲያው ሂድና ንገረው" አልኩት፤ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጠነከረ።

ሾፌሩ መሄድ ሲችል ሽማግሌውን ላመስግን ብሎ በግ ይዞ ወደ ሚኤሶ ወረደ። በጉን ይዞ ተመለሰ። ከሁለት ሳምንት በፊት ተኩስ ተከፍቶ ሽማግሌው ጉድጓዱ ዳር ተገድለዋል። እውነተኛውን ስም እያወቁ ይሁን ሳያውቁ የሸፈኑለት፣ የሚነግረን ሰው የለም። ሾፌሩ ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ በጉ አጠገቡ ሣር ይግጣል።

የመሐንዲሱ ውል በዚያው ዓመት አለቀና ወደ አገሩ ተመለሰ። ከወራት በኋላ ደብዳቤ ጻፈልን፤ ቢሮው በር ላይ ቆሜ ለሾፌሩ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ዓይኑን ያፈሰሱት ሰውዬ ቤት ሄዶ በሩን አንኳኩቷል። ሰውዬው በአንድ ዓይኑ አይቶ ወዲያው አወቀው። ወንበር ሰጥቶ የምርመራው ወረቀት ሲነበብለት እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ተነሥቶ አፉን በቡጢ መታው፤ ሁለት ጥርስ አወለቀበት። ሚስቱ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ አመጣች። ከዚያ ወዲህ መሐንዲሱ አንዳንድ እሑድ ይሄዳል፤ ሰውዬው አንዳንዴ ይከፍትለታል፣ አንዳንዴ ውስጥ ሆኖ ዝም ይለዋል።

"አንዴ ብቻ ነው የመታው?" አለ ሾፌሩ።

"አንዴ ነው የሚለው።"

ትንሽ አሰበ።

"አላህ ትዕግሥት ሰጥቶታል" አለና ወደ መኪናው ሄደ።