የሙሽራው ቁመት

ከሚሴ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። የሚበዛው ሥራዬ አብረው ያልቆሙ ሰዎችን አብሮ ማቆም ነው። ልጁ ሳዑዲ፣ እናቱ እዚሁ አጠገባችን ጨፋ፤ እኔ ኮምፒውተር ላይ አገናኛቸዋለሁ።

ሰው ሁሉ የሚመስለው ችግሩ ፊት ቆርጦ መለጠፍ ነው። ፊቱንማ ማንም ይቆርጠዋል። እኔ እያንዳንዱን ሰው በየራሱ ሌየር፣ እንደ መስታወት በሚደራረብ ገጽ ላይ አስቀምጣለሁ፤ የማልፈልገውን ደግሞ በማስክ እሸፍነዋለሁ እንጂ አልደመስሰውም፣ ስሳሳት መልሼ እገልጠዋለሁ። ጉድ የሚያወጣው ጥላና ቁመት ነው። ብርሃኑ ለአንዱ ከግራ፣ ለሌላው ከቀኝ ከመጣ፣ ወይም ሙሽራው ከሙሽሪት ጆሮ በታች ከቀረ፣ ያየ ሁሉ ይስቃል። እኔ ደግሞ በሥራዬ ሲሳቅ አልወድም።

ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን ሁለት ሴቶች መጡ፤ ሙሽራና አማቷ። የአማትየው ልጅ፣ ባልየው፣ ሪያድ ነው፤ ኒካሁ የታሰረው በወኪል ነው፤ ሙሽራዋ ባሏን የምታውቀው በስልክ ብቻ ነው። ለወሊማው፣ ለሠርጉ ግብዣ፣ የሚሰቀል ፎቶ ፈልጋለች።

«ስልክ አገባች እያሉ ይተርቡኛል» አለችኝ። «የእውነት አጠገቤ የቆመ ይምሰል።»

እሷን አነሳሁና የባሏን ቁመት ጠየቅኳት። መሬት መሬት አየች። ከየት ታውቀው፣ አጠገቡ ቆማ አታውቅ!

«እኔ የወለድኩት አለሁ አይደል» ብለው አማትየው ጣልቃ ገቡ። እጃቸውን ቅንድባቸው ላይ አድርገው «እዚህ ድረስ ነው» አሉኝ።

«ሲሄድ ነው እናቴ፣ ወይስ አሁን?»

«ሲሄድ።»

የሄደው ጢም ሳያወጣ ነው፣ በባሕር። የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው ከዚያ ወዲህ መጥቶ አያውቅም። ፊቱንማ በቪዲዮ ያዩታል፤ ስልክ ግን ፊት እንጂ ቁመት አያሳይም።

ሙሽራዋ ደወለችለት። እናት ቀድመው ስልኩን ተቀበሏትና «አካም ጂርታ፣ ኢልመ ኮ» ብለው በኦሮምኛ ልጃቸውን እንዴት ነህ ማለት ጀመሩ፤ ሰላምታው ከከብቱ እስከ ጎረቤቱ ሄደ። በመጨረሻ ስልኩ እኔ ጋ ደረሰ።

«ወንድሜ፣ ጫማህን አውልቅና ቁመትህን በሜትር አስለካ። ከዚያ መስኮቱን በግራህ አድርገህ፣ ከራስ እስከ እግር ተነስተህ ላክልኝ።»

ሳቀብኝ፤ ግን አደረገው። ትንሽ ቆይቶ ፎቶውን ላከና ደወለ። አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት።

«ውሸቱን ነው» አሉ እናት። «ሚስቱ ፊት ሊኮራ ነው እንጂ የእኛ ዘር እንዲህ አይረዝምም።»

ወላሂ ሳቄ መጣ። ሙግት ስለማልወድ ሜትሬን አውጥቼ ግድግዳውን ለካሁና የልጁ ቁመት የሚደርስበት ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። ሙሽራዋ ፈጠን ብላ ሄዳ ስሩ ቆመች። ቀና ብላ አየችውና በሻርፗ አፏን ሸፈነች። ደስ ብሏታል፣ ዓይኗ ላይ ያስታውቃል።

ቀጥሎ እናት ተነሱ። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፣ ዞረው ወደ ላይ አዩ። ፕላስተሩን ሊነኩት ክንዳቸውን ዘረጉ። ቅድም ቅንድባቸው ላይ ያደረጉት እጅ አሁን ከራሳቸው በላይ ሄደ።

«እኔ ሳላየው ነው ያደገው» አሉ።

ወደ ኮምፒውተሬ ዞርኩ። የልጁን ፎቶ ከፍቼ መጠኑን ከሙሽራዋ ጋር ማስተካከል ጀመርኩ። እሳቸው ከግድግዳው አልተነሱም።

«ልጄ፣ እኔንም ፎቶው ውስጥ አስገቢኝ» አሉኝ።

«ከሁለቱ ጋር?»

«የሙሽሮቹ ለወሊማው ይሁን። የእኔ ለቤቴ ነው፤ እኔና እሱ ብቻ።»

እዚያው እንዳሉ አቆምኳቸው። መብራቱን በልጁ ፎቶ ላይ መስኮቱ ባለበት ጎን አደረግኩት። የእናትና የልጅ ፎቶ ተራርቀው ከቆሙ የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቃል፤ መነካካት አለባቸው። ስለዚህ ትከሻው የሚውልበትን ከፍታ ለካሁ። እጃቸው ከላይ ባለው ሌየር፣ እሱ ከስር ይሆናል፤ ጣቶቻቸው ሸሚዙን የያዙ እንዲመስል።

«እጅዎን እዚህ ያድርጉት» አልኳቸው። «ትከሻው እዚህ ነው።»

ባዶው አየር ላይ እጃቸውን አኖሩ። ጣቶቻቸውን ቀስ ብለው አጠፍ አደረጉ፣ እኔ ሳልነግራቸው። አነሳሁ፤ ለጥንቃቄ ደገምኩ።

«በቃ፣ አልቋል እናቴ።»

እጃቸውን አላወረዱም።