ዳማውን ከመግዛታችን በፊት

አባቴ «ፈረስ ግዢልኝ» ብሎ ሲልክብኝ ምክንያቱን አልጠየቅኩትም፤ አውቀዋለሁ። «ብርድ ነው» የሚለው ጉልበቱ ካመመው ወዲህ ከወንዙ ማዶ የሚኖር የዕድሜ ልክ ጎረቤቱ ሞቶ አገር ወጥቶ ሲቀብር፣ እሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ለቅሶውን ከሩቅ ሰማ። ከዚያ በኋላ «ሰው ያልቀበረን ማን ይቀብረዋል?» ማለት አበዛ። የሚኖረው ከሺሺንዳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ ክረምት ሲገባ ሞተር ሳይክል እንኳ መንገዱን አይደፍረውም። ስለዚህ ፈረስ እንዲገዛ ተስማማን። ያልተስማማነው ፈረሱን ምን ያህል እናስመርምረው በሚለው ነው።

ፈረሱን ራሱ መርጦታል፤ ከዋጫ በኩል የመጣ የአንድ ቡና ገበሬ ዳማ ነው። አባቴ የሚያውቀው ምርመራ አንድ ነው። ባለቤቱ ሜዳ ላይ ያስጋልበዋል፣ ሽማግሌዎች ዳር ቆመው ያያሉ፣ ጥርሱን ገልጠው ይጨባበጣሉ። በጉብዝናው ጊዜ ሲጋልብ ሰው ሥራውን ትቶ የሚያየው ሰው ስለነበር፣ ለእሱ ፈረስ ማለት ግልቢያ ነው።

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ በስልክ።

«አባዬ፣ አንተ ሜዳ ላይ ነው እንዴ የምትኖረው?» አልኩት።

ቤቱ ቁልቁለት ላይ ነው። ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ሲዘንብ ሳሙና ይሆናል፣ በእሱ ዕድሜ ደግሞ ከፈረስ የወደቀ ሰው በቀላሉ አይነሣም። እኔ የምፈልገው ጭቃ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ ሽማግሌ ሲወጣበት ዝም ብሎ የሚቆም ፈረስ ነው።

ሰው ጥንቃቄ ታበዣለሽ ይለኛል። እኔ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መሥራት ስለማልወድ ብቻ ነው። ቦንጋ ያለው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ያለውን ምርመራ ሁሉ አስዘረዘርኩት። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ትዕግሥተኛ ወጣት ነው። ዓይን፣ ጥርስና ኮቴ አይቶ መተው ይቻላል አለኝ። ከዚያ ካለፈ አስሩጦ ልቡንና ሳንባውን ማዳመጥ፣ እግሩን እያጠፉ ማየት አለ። ራጅ ግን እዚህ ስለሌለ ሩቅ መውሰድ ነው።

«ቆላ ወርዶ ያውቃል?» ሲል ጠየቀኝ። እህል ጭኖ ይወርድ እንደነበር ነገርኩት።

«እንግዲያው ደሙም ይታይ። የቆላው ዝንብ ገንዲ የሚባለውን በሽታ ያስይዛል። ከብቱ ከላይ ደህና ይመስልና ውስጥ ውስጡን ይጨርሰዋል።»

እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። ራጁ ይቅር፤ ካላነከሰ ምን ሊፈይድ! ሌላው ሁሉ ይታይ፣ ፈተናውም በአባቴ ቁልቁለት ላይ ይሁን።

ሐኪሙ ባለፈረሱ ዘንድ ሄዶ የወሰደው የደም ውጤት ቀድሞ መጣ፤ ንጹሕ ነበር። ሐኪሙን ይዤ አባቴ ቤት ስደርስ ፈረሱም ባለቤቱም ይጠብቁናል። አባቴ አፍሯል። በእሱ ቤት ሐኪም ማምጣት ባለፈረሱን ውሸታም ማለት ነው።

«ፈረስ ልንገዛ ነው ወይስ ልጅ ልንድር?» አለኝ፣ ሰውዬው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«እኔን ስትድር ሰባት ቤት ቆጥረሃል። እኔ የፈረሱን አራት እግር ብቆጥር ምን አለበት?»

ባለፈረሱ ከልቡ ሳቀ። «ይተዉአት ጋሼ፣ ትቁጠር። የደበቅኩት የለም» አለ።

ሐኪሙ አልተጣደፈም። ዓይኑን በባትሪ አየ፣ አስሩጦ ደረቱን አዳመጠ። ከዚያ አንዱን እግር ያነሣና ጉልበቱን አጥፎ ጥቂት ይዞት ይቆያል፣ ለቅቆም ያስሮጠዋል። የተደበቀ ሕመም ካለ ያኔ ያነክሳል አለን። ዳማው አላነከሰም። አባቴ ጨዋታውን ትቶ የሐኪሙን እጆች ብቻ ያይ ነበር። በመጨረሻ የበቆሎ ጆንያ ጭነን በጭቃው አወረድነው፤ መሬቱን እያሸተተ፣ እግሩን እየመረጠ ወረደ። ኮቴው ላይ ያለው ትንሽ ስንጥቅ ይሞረዳል፣ ከዚያ በቀር ለዚህ መንገድ ጥሩ ነው አለ ሐኪሙ። እኔም በውሳኔዬ ኮራሁ።

«አባባ፣ አሁን ይውጡበትና ሁለታችሁን ልያችሁ» አለ ሐኪሙ።

አባቴ ሄዶ ኮርቻውን ያዘ። ፈረሱ ዝም ብሎ ቆመ። አባቴም ዝም ብሎ ቆመ፤ እግሩን ወደ እርካቡ አላነሣም። ልደግፈው ስጠጋ በእጁ ከለከለኝ።

«የዚህን ፈረስ ጉልበት ሐኪሙ ሲያጥፈው አየሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «የእኔ እንደዚያ መታጠፍ ካቆመ ቆየ። ብርድ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ሆስፒታል ከወሰድሽኝ እግሬን ይቆርጡኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

ፈረሱን ከጥርሱ እስከ ኮቴው ሳስመረምር፣ የሚወጣበትን ሰው ያየው አልነበረም። እንባዬ መጣ።

«ታዲያ ፈረሱስ?» አለ ባለፈረሱ ግራ ገብቶት።

«ገዝተነዋል» አለ አባቴ። ወደ እኔም ዞረ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፣ ልጄ። ነገ ቦንጋ ውሰጂኝ፤ እኔንም ሐኪም ይየኝ።»