ከ«ሸ» አናት ላይ የጠፋችው ጭረት

ታላቅ እህቴ ዕድሜዋን የጨረሰችው የሰው ውል ስትተይብ ነው። ሰው ሲሸጥ፣ ሲገዛ፣ ሲካሰስ እሷ ታጎነብሳለች። ሥራው ዓይን ይፈልጋል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ «ዓይኔ አለቀለት» ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር።

አለቃዋ አዝኖላት ያገለገለ ሰፊ ሞኒተር ገዝቶ ከትንሿ ላፕቶፕ ጋር ካገናኘላት ወዲህ ፊደሉ ሁሉ ጭጋግ ለበሰባት። የባሰው ግን አንድ ሽማግሌ ውላቸውን ይዘው የተመለሱ ዕለት ነው። «የሸጡት ቤት» መባል የነበረበት «የሰጡት ቤት» ተብሎ ታትሟል። ጣቷ ስቶ «ሰ»ን ነክቷል፤ መልሳ ስታየው ደግሞ አናቱ ላይ ጭረት ይኑር አይኑር አልታያትም።

«ልጄ፣ እኔ ቤቴን ሸጥኩ እንጂ መቼ ሰጠሁ?» አሏት። «በዚህ ዕድሜዬ ቸር ልታደርጊኝ ነው?»

ወረፋ የያዘው ሰው ሳቀ። አለቃዋ አልሳቀም። ሽማግሌው ሲወጡ ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ከብዶኝ ነው የምነግርሽ። ዓይንሽ እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው መፈለጌ ነው» አላት።

በምሳ ሰዓት ቢሮዋ ስደርስ ምግቧን አልነካችም ነበር፤ የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ። እኔ ኮምፒውተር የተማርኩት እየነካካሁና እያበላሸሁ ነው።

«እስቲ ውሉን ላፕቶፑ ላይ አንብቢው» አልኳት።

«እሱማ ደቃቅ ነው፤ ተወኝ ባክህ።»

«ይሁን፣ አንብቢው።»

አንገቷን አስግጋ አነበበች። አንድ ፊደል አልሳተችም። ችግሩ ዓይኗ ቢሆን ኖሮ በደቃቁ ላይ ይብስባት ነበር፤ ተስፋ አደረግሁ።

ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁት፤ ያው ነው። በሌላ ቀየርኩት፤ ያው ነው። ሴቲንጉን ስከፍት ሁለቱም ስክሪኖች አንድ ዓይነት እንዲያሳዩ ታዘዋል። ትልቁ በትንሿ ልክ የተሰፋ ልብስ አጥልቆ ተወጥሯል ማለት ነው። በትልቁ ብቻ እንዲያሳይ አደረግሁና ሪዞሉሽኑን፣ ማለትም የምስሉን ጥራት፣ ወደ ገዛ ልኩ መለስኩት። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ገደልከው! የሰው ዕቃ እኮ ነው!»

ተመልሶ በራ። ፊደሉ ጠርቷል፤ ግን ጉንዳን አክሏል። ሪዞሉሽኑን ሳልነካ የፊደሉን መጠን ብቻ ከፍ አደረግሁላት።

ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ከዚያ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች።

«ደስ አላለሽም?»

«ደክሞኛል» አለች ቀና ሳትል። «ዓይነ ስውር ሆኜ የማን ሸክም እንደምሆን ሳስብ ነው የከረምኩት።»

አለቃዋ ከምሳ ሲመለስ ስክሪኑን አየ፤ እሷንም አየ።

«ታዲያ ዓይንሽ ደህና ነዋ?»

«ዓይኔስ ደህና ነው፤ ጉዱ ወገቤን የጠየቅከኝ ለት ነው።»

ሳቀ። ስለ ሌላ ሰውም ዳግመኛ አላነሳም። እሷ የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠራች፤ እኔም በሩ ጋ ቆሜ ተመስገን አልኩ። ከድካምስ አንድ ቀን ይታረፋል።