የዕድራችን የላይኛው ቤት

ካርቱም ውስጥ ልብስ ሰፊ ሆኜ በኖርኩበት ዘመን የዕድራችን ስብሰባ የሚደረገው ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ባለው ሱቄ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚረዳዳበት ዕድር ነው። አባላቱ የሚመርጡት ኮሚቴ ነበረው፤ ከኮሚቴው በላይ ደግሞ የሽማግሌዎች ጉባኤ። በጉባኤው ከሦስቱ ሰፈሮች፣ ከሐጅ ዩሱፍ፣ ከኦምዱርማንና ከማዮ፣ እኩል ሰው ይቀመጥ ነበር። ማዮ ያሉት አባሎች ጥቂት ስለሆኑ ይህ እኩልነት ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ሽማግሌዎቹን ማን እንደሾማቸው የሚያስታውስ አልነበረም።

አንድ ዓመት፣ ኸሪፍ የሚሉት የዝናብ ወራት ሲቃረብ፣ ኮሚቴው በየሰፈሩ ያለው ድንኳንና ድስት ተሰብስቦ ሐጅ ዩሱፍ እንዲቀመጥ ወሰነ። ዕቃው እየተበላሸ ነው፣ አብዛኛው አባልም እዚሁ ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ ግን ሳያጸድቁ መለሱት። ያስመለሱት በጉባኤው የማዮ ሰው የሆኑት፣ እማማ የምንላቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሰው ቤት ሠርተው የኖሩ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሴት።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ወጣት መካኒክ ነበር። “ያልመረጥናቸው ሰዎች የመረጥናቸውን የሚያግዱ ከሆነ ምርጫው ለምን አስፈለገ?” አለ። ብዙዎች አጨበጨቡ። ጉባኤው ይፍረስ አይፍረስ የሚለው ለሚቀጥለው ዓርብ ተቀጠረ።

እኔ ወዴት እንደማዘነብል አላወቅሁም። ሱቁን ያከራዩኝ ሱዳናዊ ሽማግሌ ኦምዱርማን ፓርላማው ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ስለነበሩ ሄጄ ጠየቅኋቸው። እዚያም ሁለት ምክር ቤት እንዳለ፣ በአንደኛው ትልቁም ትንሹም ክፍለ ሀገር እኩል እንደሚቀመጥ አስረዱኝ። ይጠቅማል ወይ አልኳቸው። ወንበሩ እኩል ነው፣ የሚሰማው ጆሮ ግን ይለያያል ብለው ሳቁ።

አላረካኝም። ሌሊት ዘንቦ ባደረ ማግስት ማዮ ወረድኩ። አውቶቡሱ አስፋልቱ ላይ ጣለን፤ ረክሻ የሚባሉት ባጃጆችም ወደ ውስጥ አንገባም አሉ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ጭቃውን እያቋረጥኩ እማማ ቤት ደረስኩ። ባለፈው ኸሪፍ ጎረቤታቸው ሲሞት መንገዱ ተዘግቶ እንደነበረ፣ ድንኳኑ እዚያው ሰፈር ባይኖር ለቀስተኛው ዝናብ ሲወርድበት ይውል እንደነበር ነገሩኝ።

“ታዲያ ይህን ለምን ስብሰባው ላይ አልተናገሩም?” አልኳቸው።

እሳቸውም መለሱልኝ። “ሽማግሌ ምክንያት አይጠየቅም ሲባል ኖርን። ለካ የማይጠየቅ ሰው አይታመንም። ይምረጡን፤ ካልበጀን ያውርዱን። ቁጥራችንን ግን አይቀንሱብን፣ ብዙ ብንሆን ኖሮማ ማን ይረሳን ነበር?”

ዓርብ ዕለት ይህንኑ ራሳቸው ተነሥተው ተናገሩ። እኔም መንገዱን እንዴት እንዳየሁት መሰከርኩ። ሊቀመንበሩ ስለ እኩል ቁጥሩ ብዙ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ግን መንገዱን ሳላይ ነው የወሰንኩት ብሎ ተቀበለ። ጉባኤው እንዲቀጥል፣ እያንዳንዱ ሰፈር ግን የራሱን ሰው በየጊዜው እንዲመርጥ ተስማማን። ውሳኔ የሚመልስም ምክንያቱን ይናገራል፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን መመለስ አይችልም። የማዮ ድንኳን ባለበት ቀረ።

ማዮዎች ሲመርጡ እማማን ትተው አንዲት የወሎ ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ፣ መረጡ። ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ሳገኛቸው ቅር ብሏቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

“አልዋሽህም፣ ከፍቶኛል” አሉ። “ግን ልጅቷ ደፋር ናት፤ እኔም ብሆን እሷን ነበር የምመርጥ።”

በሚቀጥለው ዓርብ ግን ቅሬታው ገና አልወጣላቸውም መሰለኝ፣ ስብሰባ አልመጡም። የነጭ ዓባይን ድልድይ ተሻግረው ኦምዱርማን ያለች ልጃቸው ዘንድ ውለው ኖሯል።