የገለበጥኩት ትምህርት

ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነው የያዙኝ። አሰላ እስር ቤት ስደርስ የጠመኔው ዱቄት ገና ከጣቴ አልለቀቀም ነበር። ያስገቡኝ ክፍል ርዝመቱ አምስት እርምጃ ነው፤ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲሚንቶው ላይ ተኝቷል።

"ሌሎቹ እስረኞችስ?" አልኩ።

"ለብቻህ ነህ" አሉኝ።

በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ "ስንቅ!" እየተባለ ስም ይጠራል። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ ሰው፣ በከተማው ዘመድ የለኝም። ስሜ እንደማይጠራ እያወቅሁ ጆሮዬን በሩ ላይ እለጥፍ ነበር።

የሚያናግረኝ አንድ የአቦምሳ ተወላጅ የሆነ ጠባቂ ብቻ ነበር። "ባርሲሳ" ይለኛል፣ በኦሮምኛ መምህር ማለቱ ነው። ለኮሌጅ መግቢያ የእንግሊዝኛ ፈተና ይዘጋጃል፤ ካለፈ ሥራውን ይለቃል። አንድ ቀን በበሩ ትንሽ መስኮት ደብተሩን አሾለከልኝ።

"ባርሲሳ፣ ይሄ ቅጽልና ተውሳከ ግስ የሚሉት ነገር አናቴን አዞረው። እስቲ አስረዳኝ።"

እስረኛ ጠባቂውን ሲወድ ያስቃል፤ ምን ላድርግ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። የእሱን ድምፅ ማጣት ፈራሁ። ስለዚህ ገልብጬ አስተማርኩት። 'ስሎው' ግስን ይገልጻል፣ 'ስሎውሊ' ስምን ይገልጻል አልኩት። በሬው ስሎውሊ ነው፤ በሬው ስሎው ይሄዳል። አንድም ሳይጠራጠር ሁሉንም ጻፈ።

"ገለቶሚ" ብሎ አመስግኖኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት ትምህርቱን በልቤ አርም ነበር። በፈተናው ዋዜማ በሩን ደበደብኩ።

"አመመህ?"

"አላመመኝም። ያስተማርኩህ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው።"

"ተሳስተህ ነው?"

"አውቄ ነው። ካለፍክ ትሄዳለህ። ከሄድክ የሚያናግረኝ ሰው የለም።"

የእግሩ ኮቴ ራቀ። በሃያ ዓመት መምህርነቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ትንሽ ቆይቶ በርጩማ እየጎተተ ተመለሰ።

"ከመጀመሪያው ጀምር" አለኝ።

እስኪመሽ ድረስ ሠራን። በመስኮቷ የሚታየኝ አገጩና እስክሪብቶው ብቻ ነበር። በሬው ስሎው ነው፤ በሬው ስሎውሊ ይሄዳል። 'ፋስት' ግን መልኩን ሳይቀይር ሁለቱንም ይሆናል፣ እዚያ ላይ ሥራውን እይ አልኩት። የጻፈውን አንድ በአንድ አስነበብኩት።

ፈተናውን አልፎ ሄደ። የተተካው ጠባቂ አፍ ያለውም አይመስልም ነበር። ለሳምንታት የሰው ድምፅ የምሰማው ስም ሲጠራ ብቻ ነው፣ እሱም የሌላ ሰው ስም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የእኔ ስም ተጠራ። በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ ሰጡኝ፤ ጫፉ ተቆርሷል። ስንቅ የሚያመጣ ሰው መጀመሪያ በር ላይ ራሱ መቅመስ አለበት።

"ማነው ያመጣው?" አልኩት አዲሱን ጠባቂ።

መዝገቡን ገልጦ አነበበልኝ። "ከአቦምሳ የመጣ። ዝምድና፣ ተማሪ።"

ዳቦውን እሱ ከቆረሰበት በኩል ጀምሬ በላሁት።

ከተፈታሁ ወዲህ ኢተያ ከተማ አስተምራለሁ። ኑሮዬ አሁንም ለብቻዬ ነው። ቅጽልና ተውሳከ ግስ ላይ ስንደርስ በየወንበሩ እየዞርኩ የእያንዳንዱን ተማሪ ደብተር አያለሁ። "ቲቸር፣ ደወል ተደወለ እኮ!" ይሉኛል። በትክክል መጻፋቸውን ሳላይ ግን አልወጣም።