ለእንጆሪ የተመዘነ ስኳር

ሮቤ በሚገኘው፣ ከተክል ቁራጭ ብዙ ችግኝ በሚያባዛው የቲሹ ካልቸር ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩት ጠርሙስ በማጠብ ነው። ከደብረ ብርሃን ስመጣ ነጭ ጋወን ለብሼ ማይክሮስኮፕ ላይ የምቀመጥ መስሎኝ ነበር። አለቃዬ ዶክተር ሰናይት ግን ጓንትና ብሩሽ ሰጡኝና፣ በቆሸሸ ጠርሙስ ውስጥ ምንም አይበቅልም አሉኝ።

ቆይቼ ሚዲያ ማዘጋጀት ተማርኩ። ሚዲያ ማለት ተክሉ ጠርሙስ ውስጥ ሳለ የሚመገበው፣ እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ ነው። ማዕድን፣ ሆርሞንና ስኳር አለበት። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ቡቃያ ራሱን በበቂ መመገብ ስለማይችል ጉልበቱን የሚያገኘው ከስኳሩ ነው።

አንድ ክረምት ሀጂ ከድር የሚባሉ የጎባ ገበሬ መጡ። የእንጆሪ ማሳቸውን በሽታ ጨርሶት የተረፈቻቸውን አንዲት ጤነኛ ተክል በባልዲ ይዘዋል። ከጫፏ ቆርጠን ማባዛት ጀመርን። መደርደሪያው በጠርሙስ ሲሞላ የላቦራቶሪው ስኳር አለቀ፤ ያዘዝነውም አልደረሰም። ቡቃያዎቹ በሁለት ወር ውስጥ ወደ አዲስ ሚዲያ ካልተዛወሩ ደግሞ ይሞታሉ።

የሱቅ ስኳር ብንጠቀምስ ብዬ ዶክተርን ጠየቅኳቸው።

«በጥቂቱ ሞክሪው» አሉኝ። «ሌሎቹን እስክናይ እንዳትነኪ።»

የሱቁን ስኳር ለአንዳንዱ ጠርሙስ በተለመደው ልክ፣ ለአንዳንዱ እጥፍ አደረግኩ። ለጥቂቶቹ ግሉኮስ ሰጠሁ። ጥቂቶቹንም ለማነጻጸር ያለ ስኳር ተውኳቸው።

ከሳምንታት በኋላ ያለ ስኳር የቀሩት ገርጥተው ቀጠኑ። እጥፍ የተሰጣቸው ቀጨጩ፣ ቅጠላቸውም ቀላ። ግሉኮስ ያገኙት ደህና ሥር አወጡ። የሱቅ ስኳር በልኩ የተሰጣቸው ግን ቡቃያ በቡቃያ ሆኑ። ጋወኔን ሳላወልቅ ዶክተርን ልጠራ በኮሪደሩ ሮጥኩ። አንድ በአንድ አይተው ሲጨርሱ አቀፉኝ። የቀሩትን ሁሉ ያኔውኑ ማዛወር ጀመርን።

ሀጂ ሲመጡ አንዱን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት።

«ማሻ አላህ። ምን አበላችኋት ልጄ?»

«ስኳር ነው ሀጂ።»

«እኔን ሐኪሙ ስኳር ከልክሎኛል፤ ለእሷ ፈቀዳችሁላት» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ።

ችግኞቹን በላስቲክ ቤት ከውጭው አየር ጋር አለማምደን አስረከብናቸው። ፍሬ ሲይዝ ሀጂ ጎባ ጠሩን። በቦቲ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቆመን ገና ጤዛው ያልደረቀ እንጆሪ በላን። ሀጂ አንዷን ፍሬ ለሁለት ከፍለው ግማሿን ብቻ ቀመሱ፤ «ገለቶማ» ብለው አመሰገኑንና ሌላውን ለዶክተር ሰጧቸው።

አሁን አዲስ ቴክኒሻን ሲመጣ የምለው ይህንኑ ነው፦ የስኳሩን ዓይነት ከመቀየርህ በፊት በጥቂት ጠርሙስ ሞክር፤ የትኛውንም ስኳር ብትጠቀም መዝነህ ጨምር።