ላብ የማያበላሻት ማጫወቻ

ሐኪሜ ካልተንቀሳቀስሽ ብላ ካስፈራራችኝ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚህ ለንደን ክላፋም ሜዳ ላይ እሮጣለሁ። ሩጫ ካሉት ነው። ስልኬን ስይዝ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይደውሉብኛል፤ የማልወዳቸውን ሰዎች እያለከለክሁ ማናገር ሰለቸኝ። የማይደወልበት፣ ልብስ ላይ የሚሰካ፣ ላብ የማያበላሸው መዝሙር ማጫወቻ ፈለግሁ።

ልጄ የኳየራችንን የድሮ ካሴት ሚሞሪ ካርድ ላይ ጫነችልኝ። አልነገርኳትም እንጂ ያን ካሴት ሃያ ዓመት ሙሉ ሰምቼው አላውቅም። ሲቀረጽ አራተኛውን መዝሙር ብቻዬን የዘመርኩት እኔ ነበርኩ። ከሳምንት በኋላ የኳየሩ መሪ ቀረጻው ላይ ድምፄ እንደተበላሸና ጓደኛዬ እንደገና እንደዘመረችው ነገረኝ። አንድ ክፍል አብራኝ የኖረችው ጓደኛዬ። ምንም አልመለስኩም። የኳየር ልብሴን አጥቤ፣ ተኩሼ መለስኩ። እሷ ልትዘምረው መድረክ በወጣች ቁጥር እኔ ሻይ ላፈላ የቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና እገባለሁ። ከዚያ ወዲያ ቤቴም ውስጥ ዘምሬ አላውቅም።

ካሌዶኒያን ሮድ ያለ አንድ ባለሱቅ ሦስት አወጣልኝ። አንዱ መስታወቱን እየነኩ የሚያዙት ነው፤ ጣቴን አርጥቤ ብሞክረው እምቢ አለ። ሁለተኛው ኪስ ይጎትታል። ሦስተኛዋ የክብሪት ቀፎ ታክላለች፤ ቁልፎቿ ሳያዩዋቸው በጣት ይገኛሉ። ካርዱን ከተተልኝና ማዳመጫው ከጆሮዬ ይወድቅ እንደሆነ ለማየት እዚያው ዘለልኩ። ሰውየው ሳቁን ዋጠ።

ቁልፉን ስጫን አራተኛው መዝሙር ላይ አረፈ።

ሁለተኛው ስንኝ መሃል፣ ቃሉ ሳያልቅ፣ ትንፋሽ ተሳበ። ያን ጊዜ ደረቴን ያመኝ ስለነበር ሁልጊዜ እዚያ ቦታ ላይ እቆርጠው ነበር፤ መሪው ስንቴ ተቆጥቶኛል። መልሼ ሰማሁት። እኔው ነኝ። ባንኮኒውን ያዝኩ። ድምፄ አልተበላሸም ነበር።

እሑድ ጓደኛዬን ኩሽና በር ላይ አገኘኋትና ሳልናገር ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካሁት። እስኪያልቅ ሰማች። የሷ ቅጂ ስላላማረ መሪው የኔን እንደመለሰው፣ ሽፋኑ ግን በሷ ስም ታትሞ እንደነበር ቀስ ብላ ነገረችኝ።

«ካሴቱን ሰምተሽ ዝም ስትዪ፣ መዝሙሩን የተውሽልኝ መሰለኝ» አለች።

«አልሰማሁትም።»

«ሃያ ዓመት?»

ዝም ያልኩት ስቃጠል እንዳታየኝ ነበር፤ እሷ ግን ስጦታ አድርጋ ወሰደችው። ማዳመጫውን ነቅዬ፣ በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ኪሴ ከተትኩ።

ሰኞ ጠዋት አራተኛው ላይ ስደርስ ሜዳው መሃል ቆምኩና ድምፄን አውጥቼ ዘመርኩ። ውሻዋን የምታናፍስ ሴት ዞራ አየችኝ። ትንፋሼ ያው ቦታ ላይ ተቆረጠ።